ጫማው ሳይነሳ ማንም አይሄድም

ሰይድ የሞተው ውሃ ውስጥ አይደለም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ሞቱን የሰማ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነውና። የሞተው ሆስፒታል አልጋ ላይ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ሚስቱ ስልክ ልታነሳ ኮሪደር በወጣችበት ሰዓት ነው። ሕመሙ የቆሽት ነበር። ጓደኛው ተስፋዬ ደውሎ ሲነግረኝ መስኮት እየወለወልኩ ነበር። ስልኩን ዘጋሁና ውልወላዬን ጨረስኩ። ከዚያ ተቀመጥኩ።

ስለ እሱ መጻፍ የሚገባው የተማረ ሰው ነበር። እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል ያስቆጠረችኝ ጎረቤቴ ናት፣ ያውም ልጅ ወልጄ ካሳደግኩ በኋላ። እንግሊዝኛውንማ እስከ ዛሬ አላነበውም። ግን ሌሎቹ ስለ ሰይድ ሲያወሩ የሚያወሩት ውሃ ውስጥ ስላዩት ነው። ከውሃው ዳር ተቀምጬ ያየሁት እኔ ነኝ፣ ስለዚህ የኔን ልበል።

እዚያ ያደረሰችኝ የልጄ ልጅ ሐና ናት። ለንደን፣ ኬንቲሽ ታውን ሦስታችን አብረን ነው የምንኖረው፤ እኔ፣ ልጄና ሐና። ልጄ ሂትሮው ኤርፖርት ሴኪዩሪቲ ነው የምትሠራው፣ አንድ ሳምንት ጠዋት፣ አንድ ሳምንት ሌሊት። ሐና አሥራ ሰባት ዓመቷ ላይ፣ "ዳይቪንግ ክለብ ጆይን አደረግኩ" ብላ ገባች። ምንድን ነው ስንላት፣ ጀርባ ላይ የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ ውሃ ሥር መውረድ ነው አለች። እናቷ ብዙ ጮኸች። መጨረሻ ላይ ሁለቱ በምን ተስማሙ፣ አያቴ አብራኝ ትሂድ በሚል። እኔን ማንም አልጠየቀኝም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሄድን። የካውንስሉ፣ የማዘጋጃ ቤቱ መዋኛ ነው፤ ሙቀቱ መነጽሬን በጉም ሸፈነው፣ የውሃው መድኃኒት ሽታ ጉሮሮ ይይዛል። አግዳሚ ወንበር አግኝቼ ቦርሳዬን ታቅፌ ተቀመጥኩ። አንድ አጠር ያለ፣ ራሰ በራ፣ ቦርጩ በጥቁር የጎማ ልብስ የታሰረ ሰው ውሃውን እያንጠባጠበ መጣ።

"እማማ፣ ሰላም ነዎት? ያገር ሰው ነዎት መሰለኝ።"

"ነኝ። አንተስ?"

"ሰይድ እባላለሁ፣ የወሎ ልጅ ነኝ። እዚህ አስተማሪ ነኝ። አንቱም ሊገቡ ነው?"

"እኔ ውሃ የማውቀው በባልዲ ነው።"

"እኔም እንደዚያው ነበርኩ እኮ!" ብሎ ሳቀ።

እውነቱን ነበር። ለንደን ሲመጣ መጀመሪያ ሂትሮው አውሮፕላን ያጸዳ ነበር፣ ኋላ አውቶብስ መንዳት ጀመረ። ወገቡን ሲያመው ሐኪሙ ዋና ተማር ይለዋል። ይመዘገብና ቀኑን ተሳስቶ ይሄዳል። የዋናው ቀን ማክሰኞ፣ እሱ የሄደው ቅዳሜ። ቅዳሜ የዳይቪንጎቹ ነው፤ ያን ቀን ደግሞ ለአዲስ ሰው ያስሞክሩ ነበር። ሰልፍ አየ፣ ተሰለፈ። ሲሊንደር አሸከሙት፣ ማስክ አጠለቁለት፣ ይዘውት ወረዱ። ዋና ለመማር ይሄ ሁሉ ዕቃ ያስፈልጋል ወይ ብሎ እየገረመው የመዋኛው ወለል ላይ ቁጭ አለ።

"ለንደን ከመጣሁ ጸጥታ የሰማሁት ያን ቀን ነው" ይል ነበር። "የሚሰማኝ የገዛ ትንፋሼ ብቻ። ስወጣ፣ ዋናውን መቼ ነው የምታስተምሩኝ አልኳቸው።"

እንግዲህ ከላይ መዋኘት ሳይችል ከታች መተንፈስ የቻለ ሰው ነው። ዋናውን በኋላ ተማረ። በስተመጨረሻ ራሱ አስተማሪ ሆኖ ያገር ሰው ያመጣ ጀመር፤ ታክሲ ነጂውን፣ ሽማግሌ ጠባቂዋን፣ ውሃ ሲያዩ የሚንቀጠቀጡትን ሁሉ። ለሁሉም የሚናገረው አንድ ነው። "ውሃ ውስጥ ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ ቁም። ቀጥሎ ተንፍስ። ከዚያ አስብ። ቅደም ተከተሉን ያዛባ ሰው የኔ ተማሪ አይደለም።" ትንፋሽ መያዝ ክልክል ነው። አየር የቆጠበ መስሎት ትንፋሹን የሚይዝ ተማሪ ካየ ወዲያው ከውሃ ያወጣው ነበር።

ደግሞ የእጁ ነገር አለ። ሰዎቹ ውሃ ውስጥ ስለማይነጋገሩ በእጅ ነው የሚጠያየቁት። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ቀለበት ሲሠሩ፣ ደህና ነህ ማለት ነው፤ የተጠየቀው ደህና ከሆነ ያንኑ ቀለበት ይመልሳል። ካልመለሰ ችግር አለ ማለት ነው። ሰይድ ይህን ነገር የብስ ላይም አልተወውም። ሰቨን ሲስተርስ ገበያ ወጥቼ ፌርማታ ላይ ስቆም፣ አውቶብሱን ይዞ ይመጣና ከመሪው ኋላ ቀለበቱን ያሳየኛል። እጄ በዘንቢል ተይዞ ካልመለስኩ አይነዳም። ሰዉ ያጉረመርማል፣ ኋላ ያለው መኪና ጥሩምባ ይነፋል፣ እሱ ጣቱን እንዳቆመ ይጠብቃል። ዘንቢሌን አስቀምጬ እመልስለታለሁ፣ ያን ጊዜ ይሄዳል።

ወደ መዋኛው ልመለስ። እዚያ ሰው ሁሉ ነጠላ ጫማውን እንደፈለገው ጥሎ ነው የሚገባው። አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ፣ አንዳንዱ ተገልብጦ። ዓይኔ አልቻለም። ተነስቼ ጥንድ ጥንዱን አገናኝቼ ግድግዳው ሥር ደረደርኩ። በሦስተኛው ቅዳሜ የማን የማን እንደሆነ አወቅሁ። ፊታቸው ማስክ ሲያደርጉ ሁሉም አንድ ነው፣ ጫማቸው ግን ይለያያል።

አንድ ቅዳሜ ሰዓቱ አልቆ ሁሉም ወጣ ተባለ። ስም የሚመዘግበው ማርቲን የሚባል ጡረታ የወጣ ፖስታ አዳይ ነው፣ ወረቀቱን ሰሌዳ ላይ ቆንጥጦ ነው የሚዞረው። ቆጥሮ ጨርሷል። እኔ ሐናን፣ "ሰማያዊው ጫማ አልተነሳም በይው" አልኳት። ጥልቁ ጥግ ላይ ሲያዩ አንድ ወፍራም እንግሊዛዊ ሥር ተንጋሎ አረፋውን ወደ ላይ እየላከ ያርፋል፤ ማንም አላስታወሰውም። ሰይድ ጫማውንም እኔንም አየና፣ "እማማ፣ ሥራ አገኙ" አለኝ።

በዚህ ዓይነት የክለቡ ሰው ሆንኩ። በጋ ሲቃረብ ከከተማ ወጣ ብሎ አንድ ሐይቅ እንሄዳለን። ሐይቅ ይበሉት እንጂ ድሮ ድንጋይ ይወጣበት የነበረ ጉድጓድ ነው፣ ውሃ ሞልቶት የቀረ። በተስፋዬ ሚኒባስ ነው የምንሄደው። ተስፋዬ የሚኒካብ ታክሲ ሹፌር ነው፣ አፉ አያርፍም። ሞተር ሲያስነሳ ሰይድ "ቢስሚላህ" ይላል፣ እኔ "በኢየሱስ ስም" እላለሁ፣ ተስፋዬ "ሁለታችሁ ከያዛችሁልኝ እኔ ቀበቶዬን ልሰር" ይላል። በየሳምንቱ ይህንኑ ይላል፣ በየሳምንቱ እንስቃለን።

ሐይቁ ዳር ለእኔ ተጣጣፊ ወንበር፣ ከፊቴ ረጅም ሳንቃ። የሚገባ ሁሉ የመንገድ ጫማውን ለእኔ ይሰጣል፣ እኔ ሳንቃው ላይ እደረድራለሁ። ሲወጣ ከእጄ ይቀበላል። ሰይድ የመጀመሪያው ቀን ሁሉንም ሰብስቦ፣ "ጫማው ሳይነሳ ማንም አይሄድም። መኪናም ውስጥ አይገባም፣ ሻይም አይጠጣም" አለ። ማርቲን በወረቀቱ ይጽፋል፣ እኔ በጫማዬ እጠብቃለሁ። ማርቲን መጀመሪያ ቅር ብሎት ነበር መሰለኝ፣ ግን ጨዋ ሰው ነው፣ አልተናገረም።

አሁን ወደ አንዱ ቀን ልምጣ።

ሚያዝያ ነበር፤ ፀሐይ አለ፣ ሙቀት የለም። ሐና ያን ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ሞልቷታል። የሚገቡት ሁለት ሁለት ሆነው ነው፣ አንዱ አንዱን ይጠብቃል፤ እሷ ከተስፋዬ ጋር ገባች። ሐይቁ ሥር ሰው እንዲጎበኘው ብለው ያሰመጡት አሮጌ አውቶብስ አለ። ሰይድ፣ "ሳምንቱን ሙሉ አውቶብስ ነድቼ ቅዳሜ አውቶብስ ልጎበኝ እወርዳለሁ፤ ደግነቱ የዚህኛው ተሳፋሪ ዘገየህ ብሎ አይጮህብኝም" ይል ነበር። ሁለቱ ወደዚያ ነበር የሄዱት።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተስፋዬ ብቻውን ወጣ። ማርቲን ሁለታችሁም ወጣችሁ ወይ አለው፣ ተስፋዬ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ አዎ አለ። ማርቲን ወረቀቱ ላይ ምልክቱን አደረገ።

"እማማ፣ የንጉሡን ጫማ ያቀብሉኛ" አለኝ ተስፋዬ።

"ሐናስ?"

"ቀድማኝ ወጣች። ወደ ሽንት ቤት ስትሮጥ አየኋት፤ ብርዱ እኮ አይጣል ነው!"

ጫማውን ሰጠሁት፣ ወደ መኪናው ሄደ።

የሐና ጫማ ሳንቃው ላይ ነው። ነጭ ነው፣ አንዱ ማሰሪያው ቀይ። አየሁት። ውሃ ሲገቡ የሚያደርጉት የጎማ ጫማ ስላለ በሱ ሽንት ቤት መሄድ ይቻላል። ግን ሐና ደንቡን ታውቃለች። ከቴርሞሱ ሻይ ቀዳሁ፤ እጄ ሥራ ፈልጎ ነው። ማርቲን ዓይኔን አይቶ ወረቀቱን አዞረልኝና በእርሳሱ ምልክቶቹን አሳየኝ፣ ሁሉም ወጥተዋል፣ ፈገግ አለ።

እዚህ ላይ ዝም አልኩ። ለንደን ከመጣሁ ጀምሮ፣ ሀውሲንግ፣ የቤት ጉዳይ ቢሮው ብሄድ፣ ክሊኒክ ብሄድ፣ ወረቀቱ ትክክል ነው፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ወረቀት የያዘ ሰው ፊት ዝም ማለት ለምጄ ነበር። ኩባያዬን ይዤ የሽንት ቤቱን በር አያለሁ። ቆይቶ አንዲት ልጅ ወጣች፤ እንደ ሐና ቢጫ የእግር መቅዘፊያ ብብቷ ሥር ይዛለች። የሌላ ክለብ ልጅ ናት። ያን ጊዜ አወቅሁ። እውነቱን ልናገር ካልኩ፣ አውቄም አልጮህኩም። አጠገቤ እስክታልፍ ጠብቄ ፊቷን ደግሜ አየሁት። ኩባያውን ወደ አፌ ባደርሰው ሻዩ በርዷል።

"ሰይድ!" ብዬ ጮህኩ።

ሌሎች ይዞ ሊገባ ልብሱን ለብሶ ሲሊንደሩን ተሸክሞ ነበር። መጣ።

"የሐና ጫማ አልተነሳም።"

ማርቲን ወረቀቱን ከፍ አድርጎ ወጥታለች አለው። ሰይድ ወረቀቱን አላየውም። ጫማውን አየ።

"ተስፋዬ! ጫማህን መልስ!"

ተስፋዬ አንዱን አጥልቆ አንዱን በእጁ ይዞ እየሮጠ መጣ። ሁለቱንም ሳንቃው ላይ መለሰ።

"የት ነው መጨረሻ ያየሃት?"

"አውቶብሱ ጋ። አፈሩ ተነሳና ውሃው ሻይ በወተት መሰለ፣ ተጠፋፋን። እንደ ደንቡ አንድ ደቂቃ ፈልጌ ወጣሁ። ከፊቴ ቢጫ መቅዘፊያ ሲሄድ አየሁ፣ እሷ መሰለችኝ ሰይዶ…"

"መሰለችህ" አለ ሰይድ። የራሱን ጫማ አውልቆ ሰጠኝ። "እማማ፣ ሦስት ነው።" ሁለቱ ገቡ።

ጸለይኩ ብል ውሸት ነው። ጫማ ነበር የማየው። የሐናን ማሰሪያ አሰርኩት፣ ፈታሁት፣ አሰርኩት። ማርቲን ከአጠገቤ ቆሞ ምልክቶቹን ከላይ ጀምሮ ደግሞ ይቆጥራል። ውሃው ላይ አረፋ ይወጣል፣ የማን እንደሆነ አረፋ አይናገርም።

ከዚያ ሦስት ጥቁር ጭንቅላት ብቅ አለ።

ሐና ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል። "አያቴ፣ ዶንት ክራይ፣ አይ ዋዝ ፋይን" አለችኝ። አላለቀስኩም። ያስቀራት የዓሣ አጥማጅ ክር ነው፤ አንድ ጫፉ አውቶብሱ ላይ፣ ሌላው የሲሊንደሯ አንገት ላይ ተጠምጥሞ፣ እጇ በማይደርስበት ከጀርባዋ ይዟታል። እሷ የአውቶብሱን በር ብረት ጨብጣ ቆመች፣ እንደ ተሳፋሪ፣ ትንፋሿን መቁጠር ጀመረች። ሰይድ ሲደርስ ሁለተኛው መቶ አጋማሽ ላይ ነበረች። አየሯ ገና ነበር።

"አውቶብስ ስትጠብቅ ነው ያገኘኋት" አለ ሰይድ ዳር ቆመው ሲጠብቁ ለነበሩት ሰዎች። "የዘገየው ሹፌሩ ነው።"

ሁሉም ሳቁ። እጁ ግን ማስኩን ማውለቅ አቅቶት ነበር፣ እኔ ነኝ ያወለቅሁለት።

ተስፋዬን ሰው ፊት አልተቆጣውም። ብቻ በጋውን ሙሉ ውሃ ከለከለው፤ ከእኔ ጋር ሳንቃው አጠገብ አስቀመጠው። ያ ሁሉ አፍ ተዘግቶ በየቅዳሜው ጫማ አብሮኝ ደረደረ። "ረዳት ጫማ ጠባቂ ሆኜ ቀረሁ፣ እማማ" ይላል፤ ቆይቶ ደግሞ፣ "ትክክል ነው" ይላል ለራሱ።

ያን ዕለት ሰው ሁሉ ያመሰገነው እኔን ነው። እማማ ዘነቡ አዳነቻት ተባለ። ማርቲን እጄን ጨበጠኝ። ልጄ ማታ ስትሰማ እግሬ ላይ ወደቀች። አንድም ሰው መቼ እንደጮህኩ አልጠየቀም፣ ከሰይድ በቀር።

ዕቃ ሲጫን እሱ መጥቶ ሳንቃው ላይ ተቀመጠ። ኩባያዬን አነሳ።

"እማማ፣ ይሄ ሻይ በረዶ ነው።"

"አዎ።"

"ቴርሞሱ ግን ያቃጥላል። መቼ ነው የቀዱት?"

ነገርኩት። ተስፋዬ ሲወጣ፣ ጫማውን ሳይ፣ ማርቲን ወረቀቱን ሲያሳየኝ። የልጅቷን ፊት ሁለት ጊዜ እንዳየሁም ነገርኩት። ከዚያ ያንን ቀዝቃዛ ሻይ ጭልጥ አድርጎ ጠጣው፣ ኩባያውን በሐይቁ ውሃ አለቀለቀና መለሰልኝ።

"ሌላ ጊዜ ወረቀቱ ምንም ይበል፣ አንቱ ይጩሁ" አለኝ። "ተሳስተው ቢጮሁ እንስቃለን፣ ወደ ቤታችን እንሄዳለን። ሌላ ምን ይመጣል?"

ይህን ነገር ለማንም አልነገረም። ለሐናም፣ ለሚስቱም። በየዓመቱ ክለቡ ሲሰበሰብ ስለ እማማ ዘነቡ ዓይን ያወራል፣ ሰዉ ያጨበጭባል፣ እሱ ከማዶ ቀለበቱን ያሳየኛል። ደህና ነዎት ነው። እመልስለታለሁ።

ከታመመ በኋላ ሁለት ጊዜ ጠየቅሁት። በሁለተኛው ከስቶ ያ ቦርጭ የት እንደገባ እንጃ። ሚስቱ፣ "ዛሬ ይሻለዋል፣ ሾርባ ጠጥቷል" ትለኛለች። ሰው ብዙ ነበር፣ ሁሉም ይሻልሃል ይለዋል፣ እሱም አልሐምዱሊላህ ይላል። ልወጣ በሩ ጋ ስደርስ ዞሬ ቀለበቱን ሠራሁለት። ቆየ። ከዚያ መዳፉን ከብርድ ልብሱ በላይ ዘርግቶ ወዲያና ወዲህ ወዘወዘው። በእነሱ ቋንቋ፣ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው። ለእኔ ብቻ ነው ያሳየው። እኔም ለማንም አልተናገርኩም። የሱን ሻይ እኔ ጠጣሁለት ልበል።

ቀብሩ በሞተ ማግስት ነበር። ከቀብሩ በኋላ በሦስተኛው ቅዳሜ ክለቡ ወደ ሐይቁ ሲወጣ፣ ሚስቱን ሐይቅ የሚያዘወትርበትን ቡናማ ጫማ ለመንኳት፣ በፌስታል ሰጠችኝ። ሚኒባሱ ውስጥ ሰይድ የሚቀመጥበት ወንበር ባዶውን ሄደ። ሐና አጠገቤ ነበረች፤ ዛሬ እሷም አስተማሪ ናት። ያን ጊዜ ነገርኳት። ያኔ ወዲያው አልጮህኩም አልኳት።

መስኮቱን ታይ ነበር። "ሃው ሎንግ፣ አያቴ?"

"ሻዬ እስኪበርድ።"

"በዚያ ብርድ? ሻይ እኮ ወዲያው ነው የሚቀዘቅዘው።" እጄን ያዘችኝ። "ቱ ሚኒትስ፣ ሜይቢ ስሪ።"

"ሰይድ ያውቅ ነበር።"

"ሰይድ ሁሉን ያውቅ ነበር" አለች፣ እጄንም እስክንደርስ አልለቀቀችም።

ሐይቁ ዳር ወንበሬን ዘረጉልኝ። ከሁሉም በፊት የሰይድን ጫማ ሳንቃው ጫፍ ላይ አስቀመጥኩ። እያንዳንዱ ጫማውን ሰጠኝ፣ ከጎኑ ደረደርኩት። ሁለት ሁለት ሆነው ገቡ። ነፋስ አልነበረም። ሁለት ሁለት ሆነው ወጡ፣ ተስፋዬ ከሐና ጋር መጨረሻ ወጣ። ጫማቸውን አንድ በአንድ ከእጄ ተቀበሉ።

ማርቲን ወረቀቱን ይዞ መጣ። ከዚያ ሚያዝያ ወዲህ እኔን ሳይጠይቅ ወረቀቱን አይዘጋም። ያን ጊዜ ሻይ ቀድቼ ኩባያውን እንዳነሳሁ ነበር።

"ኦል አውት፣ ዘነቡ?" ሁሉም ወጡ ወይ ማለቱ ነው።

"ኖ" አልኩት ወዲያው። ጮክ ብዬ፣ ሁሉም እስኪዞር። "ዋን ሞር።"

ማርቲን ወረቀቱን አየ፣ ጫማውን አየ። እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ ጠጠሩ ላይ አጠገቤ ቁጭ አለ። ወደ መኪና የሄደ የለም። ሁላችንም ውሃውን እያየን ተቀመጥን። ሻዩን ፉት ብል ምላሴን አቃጠለኝ።